ርካሽና ትንሽ የመኪና አማተር ሬዲዮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን ለግል ፍላጎት የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። በ2 ሜትርና በ70 ሴንቲሜትር ሞገድ ስለሚሠሩት፣ 100 ዶላር ገደማ ስለሚሸጡት ባለ 25 ዋት የመኪና አማተር ሬዲዮዎች ሰው መላልሶ የሚጠይቀው ይኸው፤ ሌላ አገር ካልተጠራ በቀር የተጠቀሰው ሕግ የአሜሪካ ነው።

በእጅ ከሚያዘው ሬዲዮ በምን ይለያል?

በእጅ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ያወጣል። እንደ ኪውዋይቲ ኬቲ-8900 እና ኤኒቶን ኤቲ-778ዩቪ ያሉት ትንንሽ የመኪና ሬዲዮዎች በቪኤችኤፍ (በ2 ሜትሩ ሞገድ) 25፣ በዩኤችኤፍ (በ70 ሴንቲሜትሩ) 20 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። የራሳቸው ባትሪ የላቸውም፤ ከመኪናው 12 ቮልት ይመገባሉ፣ አንቴናውም ብዙ ጊዜ ለብቻው ይገዛል።

ኃይሉ አምስት እጥፍ ስለሆነ ርቀቱም አምስት እጥፍ ይሆናል ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። አይሆንም። ልዩነቱ በምልክት ጥንካሬ መስፈሪያ 7 ዴሲቤል ነው፤ በሰሚው ሬዲዮ መለኪያ ላይ ከአንድ ነጥብ ብዙም አያልፍም። ዋናው ለውጥ የሚመጣው ከአንቴናው ነው። በእጅ ሬዲዮ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማውራት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሆኖ እንደመጣራት ነው፤ የመኪናው ሬዲዮ አንቴና ግን ጣሪያው ላይ ነው።

ፈቃድ ሳላወጣ ገዝቼ መስማት እችላለሁ?

መግዛትም መስማትም ይቻላል። ማይኩን ተጭኖ ማውራት ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሽያን ይባላል፤ 35 ጥያቄ ቀርቦ 26 የመለሰ ያልፋል። ፈተናው የሚወጣበት 400 ገደማ ጥያቄ ከነመልሱ ይፋ ስለሆነ በቀን አንድ ሰዓት ያጠና ሰው በጥቂት ሳምንታት ይደርስበታል። የሞርስ ኮድ ፈተና በ2007 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

ዜግነት አይጠየቅም፤ የማይፈቀድለት የውጭ መንግሥት ተወካይ ብቻ ነው። ከፈተናው በፊት ከኤፍሲሲ (ከአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ኤፍአርኤን የተባለውን የምዝገባ ቁጥር ያውጡ። ለአዲስ ፈቃድ የኤፍሲሲ ክፍያ 35 ዶላር ነው፣ የሚቆየውም 10 ዓመት። ፈታኞቹ ለብቻው ጥቂት ዶላር ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ በሜሪላንድ ያለው የሎረል ፈታኝ ቡድን ግን በነፃ በመፈተን ይታወቃል።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያገናኛል?

አያገናኝም። የ2 ሜትርና የ70 ሴንቲሜትር ሞገድ የሚሄደው ከሞላ ጎደል በቀጥታ ነው፤ ተራራና የምድር ጉብታ ይጋርዱታል። በሜዳ ላይ ግምቱን ራስዎ ማስላት ይችላሉ፦ የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስደው፣ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት ደምረው በ4.12 ሲያባዙት ኪሎ ሜትሩ ይወጣል። ሁለት መኪኖች አንቴናቸው 2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተማ ውስጥ ሕንፃ ሲገባበት ከዚያ ያንሳል። ከዙሪያው 300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከተተከለ ሪፒተር (የሰማውን ተቀብሎ መልሶ ከሚያሰራጭ ጣቢያ) ጋር ግን ወደ 77 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

አህጉር የሚያቋርጠው ኤችኤፍ የተባለው ሌላ ሞገድ ነው፤ እሱ ሌላ ሬዲዮ፣ ሌላ አንቴናና አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ፈቃድ ይፈልጋል። በኢንተርኔት የተያያዙ ሪፒተሮች አሉ፣ በእነሱ በኩል ሩቅ አገር ያለ ሰው ሊሰማዎት ይችላል። ያን ጊዜ መንገዱን የሄደው ኢንተርኔቱ ነው፤ ሬዲዮዎ የሄደው እስከ ሪፒተሩ ብቻ ነው።

ለታክሲ ሥራ ወይም ለሠርግ አጀብ ልጠቀምበት?

ለሥራ አይቻልም፤ ገንዘብ የሚገኝበት ንግግር በአማተር ሞገድ ላይ ክልክል ነው። ተሳፋሪ መቀባበልም ከዚያው ይቆጠራል። የሠርግ አጀብ የግል ጉዳይ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ግን ማይክ የሚይዘው ሾፌር ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አምስት መኪና ለማስከተል ከሆነ ፈቃድ የማይጠይቁት ባለ 2 ዋት ኤፍአርኤስ የእጅ ሬዲዮዎች ይበቃሉ። ፈተና የሌለው ጂኤምአርኤስ የተባለ አገልግሎትም አለ፤ በ35 ዶላር ለ10 ዓመት ቤተሰብ ይሸፍናል። ነገር ግን ለእሱ ተብሎ የጸደቀ ሬዲዮ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የአማተር ሬዲዮዎች ፍሪኩዌንሲው ላይ ቢደርሱም ለዚያ አልጸደቁም።

ከሬዲዮው ሌላ ምን ምን ልግዛ?

100 ዶላሩ መነሻ ነው። ማግኔት መሠረት ያለው የመኪና አንቴና፣ ሬዲዮውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የፕሮግራም ገመድ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀይና ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ውሃ የማያስገባ የፊውዝ ቤት ከነመለዋወጫ ፊውዙ ይጨምሩ። ለቪኤችኤፍና ለዩኤችኤፍ የሚሆን ኤስደብሊውአር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር) መለኪያ ካለው ሰው መዋስ ይቻላል። በ27 ሜጋኸርዝ ለሚሠራው የሲቢ ሬዲዮ የተሠራው መለኪያ እዚህ አያገለግልም፤ ቁጥር ያሳያል እንጂ ቁጥሩ አይታመንም።

በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ርካሹን ሬዲዮ ከጥሩ አንቴና ጋር ይግዙ። ውዱን ሬዲዮ ገዝቶ አንቴናው ላይ መቆጠብ የባሰ ነው። ከማዘዝዎ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ማይኩና ማንጠልጠያ ብረቱ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ሻጭ ያለ ማይክ ይልካል።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ ብሰካው ምን ችግር አለው?

ለሙከራ ይሆናል። ሬዲዮው በሙሉ ኃይል ሲያወራ 5 እስከ 6 አምፔር ይስባል፤ የመለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ይችለዋል። ችግሩ የቮልቴጅ መውደቅ ነው። ሶኬቱ ይላላል፣ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ያንኑ መስመር የስልክ ቻርጀርና የዳሽካም ይጋሩታል። ርቀቱ 5 ሜትር ሆኖ ገመዱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ስለሚሆን በ6 አምፔር 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.4 ላይ ሲሆን ሬዲዮው 11 ቮልት ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ማይኩን ሲጫኑ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ እንደገና የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ኪሳራው 0.4 ቮልት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከባትሪው በቀጥታ መሳብ ነው። ከመጀመርዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ቀዩን ገመድ ከፖዘቲቩ ጋር አስረው፣ ከባትሪው በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ 15 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ በሞተር ክፍል ቆርቆሮ ተፍቆ ቦዲ ቢነካ እሳት እንዳይነሳ። የሬዲዮው የራሱ ፊውዝ በቦታው ይቆይ። ገመዱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይኑር፤ ባዶ ቆርቆሮ ላይ አያሳልፉት። ጥቁሩን በአዳዲስ መኪኖች የባትሪው ጫፍ ላይ አይሰሩት፤ እዚያ ያለው የባትሪ መቆጣጠሪያ ሴንሰር የሬዲዮውን ፍጆታ ሳያይ ይቀርና ሒሳቡ ይዛባል። የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ላይ ይሰሩት።

በቀጥታ ሲያስሩ ቁልፉ ቢነቀልም ሬዲዮው አይጠፋም። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ 0.4 አምፔር ያህል ቢወስድ በ24 ሰዓት ወደ 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ ረስተውት ቢወርዱ ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይነሳ ይችላል። ወይ ማጥፋት ይልመዱ፣ ወይ በቁልፍ የሚከፈት ሪሌ ያስገቡ። የጭነት መኪና ላይ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን መጀመሪያ በቴስተር ይለኩ፤ 24 ቮልት ከሆነ ወደ 13.8 የሚያወርድ ኮንቨርተር ሳይኖር አይሰኩት።

አንቴናውን የት ላድርገው?

ጣሪያው መሐል። የጣሪያው ብረት የአንቴናው ግማሽ አካል ነው፤ ዳር ላይ ሲሆን ሞገዱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ኮፈን ላይ ደግሞ ጣሪያው ወደ ኋላ ይጋርደዋል። ጣሪያው መስታወት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት አይዝም፤ ያኔ በኋላ በር ጠርዝ ላይ በብሎን የሚጠብቀውን ማቀፊያ ይግዙ፤ ብሎኑ ቀለሙን ዘልቆ ብረቱን መንካት አለበት። ማግኔቱን ከማሳረፍዎ በፊት ጣሪያውንም ማግኔቱንም በጨርቅ ይጥረጉ፤ መሐል የገባች አሸዋ ቀለሙን ትፍቀዋለች።

ቀላሉ አንቴና የሩብ ሞገድ ዘንግ ነው። 7150ን በሜጋኸርዙ ሲያካፍሉ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ለ146 ሜጋኸርዝ 49 ነው። ይኸው ዘንግ በ70 ሴንቲሜትር ሞገድም የሞገዱን ሦስት ሩብ ያህል ሆኖ ይሠራል። ኤስደብሊውአሩን በ144፣ በ146 እና በ148 ላይ ይለኩ። ከ1.5 በታች ከሆነ ይተዉት፣ እስከ 2 ድረስም አይጨነቁ፤ ከ3 በላይ ከሆነ ማውራት ያቁሙ። ቁጥሩ ዝቅ የሚለው በታችኛው ጫፍ ከሆነ ዘንጉ ረዝሟል ማለት ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቆርጡ ወደ 0.9 ሜጋኸርዝ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። ሦስቱም ቦታ ላይ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ዘንጉን አይንኩት፣ ፒኤል-259 ማገናኛው ውስጥ ያለውን ብየዳ ይመርምሩ። በር የሚጨፈልቀው ገመድም ያው ምልክት ያሳያል፤ ገመዱን በበሩ ጎማ ለስላሳ ቦታ በኩል ያስገቡ።

አንቴና ሳይታሰር ማይኩን አይጫኑ። ለሁለት ሰከንድ እንኳ ቢሆን የመጨረሻውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል፤ የሱ ጥገና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሬዲዮው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም።

ቤት ውስጥ መጠቀም እችላለሁ?

ይቻላል። 13.8 ቮልት የሚሰጥ፣ ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል ፓወር ሰፕላይ ይግዙ። የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ስለሆነ ሬዲዮውን ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ለመጠባበቂያ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ዝግ ባትሪ ብትኖር፣ ከአሥር ደቂቃ አንዱን እያወሩ ዘጠኙን እያዳመጡ 3 ወይም 4 ሰዓት ታሠራለች፤ ከግማሽ በታች ማራገፍ ዕድሜዋን ያሳጥረዋል።

ቤት ላይ የሚያስቸግረው የአንቴናው ገመድ ርዝመት ነው። 15 ሜትር ቀጭን የአንቴና ገመድ፣ አርጂ-58 የተባለው፣ በ2 ሜትር ሞገድ ግማሹን ኃይል ይበላል፤ በ70 ሴንቲሜትር ላይ ከሦስት አንዱ ያህል ነው የሚተርፈው። ለዚህ ርዝመት ወፍራሞቹን ኤልኤምአር-400 ወይም አርጂ-213 ይጠቀሙ።

ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን አያየውም። ምን ላድርግ?

ከአሥር ዘጠኙ ገመዱ ነው። ርካሾቹ ገመዶች ውስጥ አስመስሎ የተሠራ የፕሮሊፊክ ቺፕ አለ፤ አዲሱ የዊንዶውስ ድራይቨር ለይቶ አያሠራውም፣ «ኮድ 10» የሚል ስሕተት ያሳያል። ወይ የቆየውን ድራይቨር ይጫኑ፣ ወይ ጥቂት ዶላር ጨምረው ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ገመድ ይግዙ፤ ሁለተኛው ይሻላል። ገመዱ ከታወቀ በኋላም ሬዲዮው ካልመለሰ መሰኪያው ጠቅ እስኪል መግባቱን፣ በፕሮግራሙ ላይ የተመረጠው የኮም ቁጥር ትክክል መሆኑን፣ የሞዴሉ ስም አንድ መሆኑን ይዩ።

ቻናል ለመሙላት በነፃ የሚገኘው ቺርፕ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ከሬዲዮው ያውርዱ፤ የወረደውን ምንም ሳይነኩ በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ ከዚያ ቻናል ጨምረው መልሰው ይጫኑ። የሌላ ሰው ፋይል፣ ያውም የሌላ ሞዴል፣ ቀጥታ አይጫኑ፤ ሬዲዮው ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ለመስማት ብቻ የሚፈልጉት ቻናል ላይ፣ ለምሳሌ በ162.400 እና በ162.550 ሜጋኸርዝ መካከል ባሉት የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ላይ፣ «ዱፕሌክስ» የሚለውን «ኦፍ» ያድርጉ፤ ማይኩ በስሕተት ቢጫንም አያስተላልፍም። እነዚህ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ክፍት ስለሆኑ ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሪፒተሩን እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም። ለምን?

ሪፒተር የሚያወራበትና የሚሰማበት ፍሪኩዌንሲ ለየብቻ ነው። በ2 ሜትር ልዩነቱ 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር በአሜሪካ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ሪፒተሩ በ147.300 የሚያወራና አቅጣጫው ፕላስ ከሆነ እርስዎ በ147.900 ማውራት አለብዎት። ማይኩን ተጭነው ስክሪኑን ይዩ፤ ቁጥሩ ወደ 147.900 ካልተቀየረ ችግሩ ተገኘ።

ቁጥሩ ከተቀየረ ቀጥሎ የሚታየው ቶን ነው። ብዙ ሪፒተር ከድምፅዎ ሥር 88.5፣ 100.0 ወይም 123.0 ኸርዝ የመሰለ ቶን ካልሰማ በሩን አይከፍትም። በቺርፕ «ቶን» የሚለው ሲያወሩ ብቻ ይልካል። «ቲኤስኪውኤል» ግን ሲሰሙም ቶኑን ይጠብቃል፤ ሪፒተሩ መልሶ የማይልክ ከሆነ ሬዲዮዎ ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሰውም ተበላሸ ይለዋል። በ«ቶን» ይጀምሩ።

ሪፒተሩ ከፍቶልዎ ሰዎቹ «ድምፅህ በጣም ዝቅ ይላል» ካሉ የቻናሉ ስፋት ጠባብ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። በአሜሪካ የአማተር ሪፒተሮች አብዛኞቹ ሰፊውን፣ 25 ኪሎኸርዙን ይጠቀማሉ። ለሙከራ ማይኩን ብቻ ጠቅ አድርገው አይልቀቁት፤ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠዎትን የመጥሪያ ስም ይናገሩ። ሕጉ ስሙን በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ መጨረሻ ይጠይቃል።

ሞተር ሲነሳ ፉጨት ይሰማል፣ ወይም ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ።

እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፉጨቱ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ከዲናሞው በኤሌክትሪክ ገመዱ በኩል የገባ ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ማሰር አብዛኛውን ጊዜ ያድነዋል። ጣቢያዎቹ የሚጠፉት ደግሞ አንቴናው የሌላ ዕቃ ጫጫታ ሲሰማ ነው። ተጠርጣሪዎቹ የስልክ ቻርጀር፣ የዳሽካምና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። ደካማ ጣቢያ ላይ ሆነው አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ የጠፋው ጣቢያ ሲመለስ በመጨረሻ የነቀሉት ዕቃ ጥፋተኛው ነው። በቀን አሥር ሰዓት ስልክ ሰክተው ለሚነዱ ሾፌሮች ብዙ ጊዜ ቻርጀሩን በጥሩ መቀየር ብቻ ይበቃል።

እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ሬዲዮው ሲያወራ ከባትሪው 70 እስከ 80 ዋት ይወስዳል፤ ወደ አንቴናው የሚወጣው 25 ነው፣ የቀረው ሁሉ በዚያች ትንሽ አካል ላይ ሙቀት ይሆናል። ከምንጣፍ ሥር ወይም ክሩስኮት ውስጥ አይቅበሩት፤ የጀርባ ማራገቢያው ፊት ጥቂት ጣት ቦታ ይተዉ። ሪፒተሩ ቅርብ ከሆነ በዝቅተኛው ኃይል ያውሩ። የማስተላለፊያ ጊዜ ገደቡን 2 ወይም 3 ደቂቃ ላይ ያድርጉት፤ ማይኩ በወንበር መሐል ተቀርቅሮ ሲጫን ሬዲዮውን የሚያድነው እሱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ይዤው ብሄድስ?

ፈቃድ በእጅዎ ሳይኖር ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት። በኢትዮጵያ ፍሪኩዌንሲንና የመገናኛ ዕቃን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ዓ.ም.) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የአሜሪካው ፈቃድ እዚያ በራሱ አያሠራም። አማተር ሬዲዮ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የክለብ ጣቢያ አለ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱም ያው ነው፣ መጀመሪያ ፈቃድ።

ፈቃድ ቢገኝም ሬዲዮው እንደገና ይስተካከላል። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው የ2 ሜትር ሞገድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው፤ በአሜሪካ እስከ 148 ይደርሳል። አሜሪካኖቹ በቀጥታ የሚጠራሩበት 146.520 እዚያ ከአማተር ሞገድ ውጭ ነው፤ በምትኩ 145.500 ይጠቀማሉ።

ርካሽ ሬዲዮ የማይፈለግ ሞገድ ይረጫል ይባላል። እንዴት አውቃለሁ?

አንዳንዱ ይረጫል፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ አንዱ ከሌላው ይለያያል። የአሜሪካው ደንብ 25 ዋትና ከዚያ በታች ለሆነ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከዋናው ሞገድ ውጭ የሚወጣው ከ25 ማይክሮዋት እንዳይበልጥ ይላል። 25 ዋት ላይ ይህ ከዋናው በ60 ዴሲቤል ዝቅ ማለት ነው። በ146 ሜጋኸርዝ ሲያወሩ የሚፈተሹት 292 እና 438 ናቸው።

ለመለካት ታይኒኤስኤ የተባለው ትንሽ ስፔክትረም መለኪያ ይበቃል፤ ግን ሬዲዮውን በቀጥታ ከሰኩት መለኪያው ወዲያው ይቃጠላል። መሐል ላይ 25 ዋት የሚችል ባለ 40 ዴሲቤል አቴንዌተር (ምልክቱን የሚያዳክም ዕቃ) ያስገቡ፤ ያኔ 44 ዲቢኤም የነበረው (25 ዋት ማለት ነው) 4 ይሆናል። ዝቅተኛውን ኃይል ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ አቴንዌተሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ሳያነቡም አይሰኩት፣ 2 ዋት ብቻ የሚችሉ ተመሳሳይ ዕቃዎች ገበያ ላይ ሞልተዋል። ሬዲዮው ካላለፈ በ2 ሜትር ላይ ሎው ፓስ ፊልተር (ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚያግድ ማጣሪያ) ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን ያው ፊልተር 70 ሴንቲሜትሩን ይዘጋል፣ ስለዚህ ሬዲዮው ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሞገድ ይሆናል።